የግራው መብራት

ፖስተኛውን መጀመሪያ ያዩት መንገድ ጠራጊዎች ናቸው። መንገዱ ከከተማው ወጥቶ ወደ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ብስክሌቱ ተጣሞ ከአስፋልቱ ጠርዝ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ቦይ ውስጥ ወድቋል። ደብዳቤዎቹ ሣሩ ላይ ተበትነው ጤዛ ጠጥተዋል። ሰውየው ነፍሱ አልወጣችም። ዳሌው ግን ተሰብሯል፣ የሚናገረውም እርስ በርሱ አይያያዝም። የገጨው መኪና ሳይቆም ሄዷል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ተጎጂው ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ነበር። አጎንብሳ የመንገዱን ዳር ስትቃኝ ቆይታ ከቦዩ አፍ መዳፍ የምታህል ቀይ ስባሪ አነሳች። ቆርቆሮ አይደለችም፤ እንደ ደረቅ ቅርፊት ክብደት የላትም። ፋይበር ግላስ ናት። አንደኛው ጠርዟ የክብ ቀዳዳ ዙሪያ የነበረ ይመስል ጎበጥ ብሏል። በዚያ ጠርዝ በኩል ብቻ፣ ከቀለሙ ሥር፣ ጋራዥ ውስጥ የጎደጎደ የሚሞሉበት ስቱኮ ወፍሮ ይታያል። ለምን እዚያ ብቻ እንደወፈረ አልገባትም። በወረቀት ከረጢት ከተተቻት።

ፖስተኛው በማግስቱ ትንሽ ተናገረ። መኪናዋ ቀይ ናት፣ ጣራ የላትም፣ ድሮ ለእሽቅድምድም ይሠሩ የነበሩትን ትመስላለች። የሚነዳው ሰውዬ የቆዳ ቆብና ትልቅ መነጽር አድርጓል። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ።

«ይስቅ ነበር» አለ። «ከመግጨቱ በፊት ብቻውን ይስቅ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ሰካራም ነው ብላ አሰበች።

በከተማው እንደዚያ ያሉ መኪኖች ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለቱም እውነተኞቹ አይደሉም፤ እውነተኞቹ ጥቂት ተሠርተው ዛሬ ሙዚየም ውስጥ በገመድ ታጥረው ነው ያሉት። ሰው የሚገዛው ቅጂውን ነው። ሻሲው አዲስ፣ ሞተሩ ከሌላ መኪና የተነቀለ፣ ላዩ ፋይበር ግላስ። የሁለቱም ቦዲ የወጣው ከአንድ ፎርማ ነው፤ ፋይበሩ እየተነባበረ ቅርጹን የሚይዝበት ይህ ትልቅ ፎርማ ያለው ወንዙ አጠገብ፣ በቁመቱ ምክንያት ሰው ሁሉ «ረጅሙ» በሚለው መካኒክ ጋራዥ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው መኪና ባለቤት ለሙሽሮች የሚያከራይ ሰው ነበር። የመኪናው አፍንጫ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ኢንስፔክተሯ ይህን ስታይ ጉዳዩ ያለቀ መሰላት። ሰውየው አልደነገጠም። የሙሽራው አጎት ሚኒባሱን ወደኋላ ሲነዳ መጥቶ እንደገጨበት፣ አጎትየው ደግሞ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው እያለ እንደሚከራከር ነገራት።

«የኔ መኪና ሰው የምትጎዳው በትዳር ብቻ ነው» አላት። «እሱም ወዲያው አይታወቅም።»

ፖስተኛው በተገጨበት ጠዋት መኪናው ፎቶ ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ሙሽሪት ኮፈኖው ላይ ተቀምጣ የተነሳችውን ፎቶ አንሺው አሳያት። ያም ሆኖ መብራቶቹን አስፈትታ ቀዳዳቸውን በጣቷ ዳሰሰች። ዙሪያቸው ለስላሳ ነው፤ ስቱኮ የሚባል ነገር የለም።

የሁለተኛው መኪና ባለቤት ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ነው። እሱ ሩቅ ከተማ ዓይኑን እየታከመ ስለነበር ጋራዡን የከፈተችላት ሚስቱ ነበረች፤ ትንሽ፣ ቀጠን ያለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር የኖረች ሴት። ጋራዡ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ የዘይት መቀበያ ሳህን፣ ግድግዳው ላይ በምስማር የተሰቀለ የቆዳ ቆብና መነጽር ይታያል። መምህርቷ ድምጿን ሳታነሳ፣ ባሏ ከመሄዱ በፊት መኪናዋ ቀለም ትቀባ ብሎ አዝዟት ለመካኒኩ እንዳስረከበች ተናገረች። ረጅሙም ያንኑ አለ፤ ከአደጋው በፊት ጀምሮ እኔ ጋ ናት አለ። ግራጫ መሠረት ቀለም የተቀባውን ቦዲ አሳያት። አፍንጫው ሙሉ ነው፣ የመብራት ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ናቸው።

ስባሪዋ እንግዲህ የሁለቱም አይደለችም። ሦስተኛ መኪና መኖር አለበት። ረጅሙ ግን ከፎርማው የወጡት ሁለት ብቻ ናቸው ብሎ ማለ። ኢንስፔክተሯ ጎረቤት ከተሞች ድረስ ሄዳ ሦስተኛውን ፈለገች፤ ጋራዥ ለጋራዥ፣ ቀለም ቤት ለቀለም ቤት ዞረች። አንድም የለም። ከረጢቱ መሳቢያዋ ውስጥ ገባ። በመሳቢያዋ ባለፈች ቁጥር አውጥታ ታያታለች፤ ባየቻት ቁጥር የምታውቀው ያነሰባት ይመስላታል።

ቀያሹ ወደ ጣቢያው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተረኞቹ ፖሊሶች እየሳቁ ወደ ክፍሏ መሩት፤ የቀይ መኪና ጉዳይ የሷ ነው ብለው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ አጥንተ ሰፊ ሽማግሌ ነው። ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ከጠረጴዛው ጋር አስተካከለ።

«መኪናዬ ተሰርቃለች።»

«መቼ ጠፋች፣ ጋሼ?»

«አልጠፋችም። ከሕክምና ስመለስ በቦታዋ ሌላ ቆማለች። የሷው ዓይነት፣ የሷው ቀለም። ግን እሷ አይደለችም።»

ኢንስፔክተሯ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሽማግሌው ይህንን እንደለመደው ያስታውቃል፤ እየተጠነቀቀ፣ አንድ በአንድ ነገራት። ቀይነቷ ሌላ ነው። የመብራቶቿ አቀማመጥ ሌላ ነው። ኮፈኖዋ ሲከፈት ትኩስ ፋይበር ይሸታል። ደግሞ ጠባለች፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ መሪውን ይነካል። ሁሉም የሚነግሩት ቀለም ብቻ እንደተቀባች ነው፤ እሱ ግን ቀለም ቀቡልኝ ብሎ ለማንም አላዘዘም።

ይህን የመጨረሻውን ሲናገር ኢንስፔክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ሰውየው በትክክል የሚያስታውስ ከሆነ ሚስቱና መካኒኩ ዋሽተዋታል፤ መኪናዋ ያን ጠዋት የት እንደነበረች ማንም አላረጋገጠም ማለት ነው። አእምሮው ከከዳው ደግሞ ምንም አዲስ ነገር አልሰማችም። ጉዳዩ በሙሉ አንድ ሽማግሌ ጤነኛ መሆን አለመሆኑ ላይ ተንጠለጠለ።

አብራው ቤቱ ሄደች። የሻሲውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳከረች፤ ይገጥማል። የሞተሩም ይገጥማል። መብራቶቹን ፊት ለፊት ቆማ አየች፤ እኩል ናቸው፣ እንደማንኛውም መኪና። ኮፈኖውን ከፍታ አሸተተች። የሆነ ነገር ይሸታል፤ ግን አዲስ ቀለም የተቀባ ሁሉ ይሸታል። ሳሎን ግድግዳ ላይ የመኪናዋ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ቀያሹ ፊቷ ቆሞ እጁን አጣምሮ ፈገግ ብሏል። የግራው መብራት ያለበትን ቦታ የራሱ እግር ሸፍኖታል።

«ሌላ ፎቶ የለም?» ብላ ጠየቀች።

«እሷን ለብቻዋ አንስቼ አላውቅም» አለ በኀፍረት። «ሁሌ እኔም ልግባበት ስል።»

ሴት ልጁ፣ ፋርማሲስቷ፣ ኢንስፔክተሯን ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት። ዓይኗ አብጧል። አባቷ ከተመለሰ ጀምሮ ሌላ ወሬ እንደሌለው፣ መኪናዋን በባትሪ ብርሃን ሲመረምር እንደሚውል፣ እናቷን «ምን አደረጋችኋት?» እያለ ሲጠይቃት እንደሚያመሽ ነገረቻት። ሰኞ የአእምሮ ሐኪም ያየዋል። የአረጋውያን ማረፊያም ቦታ ተገኝቶለታል፤ መኪናዋ ትሸጣለች። ይህን ሁሉ ስትናገር የምታምነውን እንደምትናገር ያስታውቅ ነበር። እናቷ በበሩ ክፍተት በኩል ትታያለች፤ የደረቀ ብርጭቆ ደጋግማ ታደርቃለች።

ቀያሹ ኢንስፔክተሯን እስከ ውጭው በር ሸኛት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አላት። «ካበድኩ ማበዴን ልወቀው። እሄዳለሁ፣ አላስቸግርም። ካላበድኩ ግን ከሰኞ በፊት አንድ ሰው ይንገረኝ።»

የዓይን ሐኪሙ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበባት። የዓይን ሞራ ሲወጣ ቀለም ሁሉ እንደሚለወጥ አስረዳት፤ ነጭ ይነጣል፣ ቀይ ይደምቃል። ቤቴን ማን ቀባው ብሎ የሚመጣ በሽተኛ አለው፤ ሚስቴ ቀሚስ ቀየረች ብሎ የተጣላም አለ። ሁለቱ ዓይኖች ተራ በተራ ሲታከሙ ደግሞ መስመር ሁሉ ለጊዜው ዘመም ሊል ይችላል።

«መኪናው አልተለወጠም» አላት። «የተለወጠው ዓይናቸው ነው።»

ስለ አእምሮውስ ብላ ስትጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ከማደንዘዣው ሲነቃ እናቱን እንደጠራ ነርሶቹ ነግረውታል፤ ግን ከማደንዘዣ ሲነቃ ብዙ ሰው እናቱን ይጠራል።

ኢንስፔክተሯ እየነዳች ስትመለስ ያላትን ሁሉ በሐሳቧ ደረደረችው። ወረቀቱ የሱ መኪና ናት ይላል። ሐኪሙ ዓይኑ ነው ይላል። ሚስት፣ ልጅና መካኒክ ረስቶ ነው ይላሉ። በሌላ ወገን ያለው የአንድ ሽማግሌ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ስንት ጊዜ ስለተጠየቀ ራሱን መጠራጠር ጀምሯል። የማትጠራጠረው ነገር ቢኖር መሳቢያዋ ውስጥ ያለችው ስባሪ ብቻ ነበረች። እሷም የማንም አይደለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ከረጢቱን ኮት ኪሷ ውስጥ ከታ ተመልሳ ሄደች። ቀያሹ ጋራዡ ውስጥ ከመኪናዋ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የቆዳ ቆቡ እምስማሩ ላይ ነው። ልጅቷ የለችም፤ ከወጥ ቤቱ የውኃ ድምፅ ይሰማል።

ስለ መብራቱ እንዲነግራት ጠየቀችው። ዛሬ ስለሚታየው ሳይሆን ድሮ ስለነበረው።

ሽማግሌው በርጩማውን ወደ መኪናዋ አቀረበ። ከዚያ የነገራት ለማንም ያልተናገረውን ነበር። እውነተኞቹን መኪኖች የሠሯቸው ሰዎች ቆርቆሮውን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ስለነበር ግራና ቀኛቸው ፈጽሞ እኩል አይሆንም። እሱ አብዝቶ የሚወዳት አንዷ ፎቶዋ መጽሐፍ ላይ አለ፤ የግራ መብራቷ ከቀኙ አንድ ጣት ዝቅ ይላል። ከፎርማ የወጣችው የሱ መኪና ግን ፊቷ እንደ ማሽን እኩል ሆነበት። ዕድሜውን ሙሉ መሬትና መስመር ሲያስተካክል የኖረ ሰው ይህቺን አንዲት ነገር ማጣመም አማረው። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር የግራውን መብራት ፈታ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች በመጋዝ አሰፋ፣ ከላይ የቀረውን ክፍተት በፋይበር ቀጠለና ስቱኮ ሞላው፤ አሸው፣ ቀባው። ለረጅሙ አልነገረውም። ረጅሙ ፎርማዬ አንድ ፀጉር አትዛነፍም እያለ የሚኩራራ ሰው ነው፤ ቢሰማ ይቀየመው ነበር። ሚስቱም ልብ አላለችም።

«ስቱኮው የት የት ነው?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ከላይ በኩል ብቻ። እንደ ግማሽ ጨረቃ። መሐሉ ይወፍራል፣ ወደ ዳር ይሳሳል። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ከረጢቱን አውጥታ ሰጠችው። ቀያሹ ስባሪዋን ከማየቱ በፊት ዓይኑን ጨፈነ፤ ዓይኑን ማመን ትቶ ከርሟል። አውራ ጣቱን በጎበጠው ጠርዝ ላይ ሳበ፣ መለሰ፣ እንደገና ሳበ።

«እሷ ናት» አለ ቀስ ብሎ።

«አላበዱም፣ ጋሼ። ሻሲውና ሞተሩ የርስዎ ነው። ቦዲው ተቀይሯል።»

ሽማግሌው ከየት እንዳገኘቻት ጠየቃት፤ ወንዙ ጋ ከመታጠፊያው፣ ፖስተኛው ከተገጨበት ቦታ ብላ ነገረችው። ስለ አደጋው የሰማው ከተመለሰ በኋላ ነበር፤ ከሱ መኪና ጋር ግን አያይዞት አያውቅም። ፊቱ ጠቆረ። ረጅሙ ነው ማለት ነው፣ እኔ በሌለሁበት ወስዶ ነድቷት ነው፣ አለ። በአንድ ጊዜ መርማሪ ሆነ፤ እስካሁን ያልሰማው ሰው አሁን ስላለ ሁሉንም ሊያሳያት ቸኮለ። ሽታውን አስረዳት። ቀይነቱን አስረዳት።

«ደግሞ ጠባለች ብለውኝ ነበር» አለችው።

«ቆይ ላሳይሽ።»

በሩን ከፍቶ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ መሪውን ነካ። እጁን ከወንበሩ ሥር ሰደደና ብሎኖቹን ዳሰሰ።

«ወንበሩ ወደፊት ቀርቧል፤ ለዚህ ነው። ወደ ኋላኛው ቀዳዳ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እግሬ ረጅም ስለሆነ። ረጅሙ ደግሞ ልማድ አለው፤ ወንበር ሲያወጣ ያገኘበትን ቀዳዳ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፣ ሲመልስ እዚያው ያስረዋል፤ ያልተነገረውን ነገር አይነካም። እሱ ራሱ ነድቷት ቢሆን ኖሮማ ከኔ በላይ…»

ንግግሩን አልጨረሰውም። እጁ ከወንበሩ ሥር እንዳለ ቀረ።

ረጅሙ ከሱ በቁመት ይበልጣል። ወንበሩ በዚያ ቀዳዳ ላይ እያለ መኪናዋ ውስጥ ሊገባ እንኳ አይችልም። ኢንስፔክተሯም በዚያው ቅጽበት ደረሰችበት፤ ፊቱን እያየች ነው የደረሰችበት። ወጥ ቤት ውስጥ ውኃው ቆመ። ሽማግሌው ምስማሩ ላይ ወደተሰቀለው ቆብ አየ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ በር አየ፣ ከዚያ ምንም አላየም።

ቀስ ብሎ ከመኪናዋ ወረደ። ስባሪዋን ወደ ኢንስፔክተሯ ዘረጋ።

«ይህቺን አላውቃትም» አላት።

«ጋሼ።»

«ተሳስቻለሁ። መኪናዋ የኔው ናት። ቀለም ይቀቧት ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ትዝ አለኝ። ስለ መብራቱ የነገርኩሽ ሁሉ ከጭንቅላቴ ነው። ሰኞ ሐኪሙ ጋ እሄዳለሁ፤ ከዚያ የሚወስዱኝ ቦታም እሄዳለሁ።»

«የነገሩኝን ሰምቻለሁ እኮ።»

«የእብድ ቃል ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ? መዝገብሽ ላይ ጻፊው፤ ሽማግሌው አብዷል በይ።»

ጸንቶ ቆመ። እስከ አሁን ሰው እንዲያምነው ሲለምን የነበረውን ያህል አሁን እንዳይታመን ይለምን ነበር። ስባሪዋ በሁለቱ እጆች መሐል ነበረች፤ እሱ ወደ ራሱ አይመልሳትም፣ ኢንስፔክተሯም አትቀበለውም።

መምህርቷ ከቤቱ በሚያስገባው በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላስተዋሉም። እጇ ላይ ፎጣ አለ።

«አላበደም» አለች።

«ግቢ አንቺ» አላት ባሏ። «ዝም በይ።»

«ዝም ብዬ ነው እዚህ ያደረስኩህ።»

ለኢንስፔክተሯ የተናገረችው አጭር ነበር። ባሏ ሲሄድ ባትሪዋ እንዳይሞት ሞተሩን በየጊዜው አስነሺልኝ፣ ከጋራዡ ግን አታውጫት ብሏት ነበር። እግሯ ፔዳሉ ላይ አልደርስ ስላላት ወንበሩን ራሷ ፈትታ አቀረበችው፤ እሱ ሲፈታ ዓመታት አይታለች። አንድ ጠዋት ጋራዡ በጭስ ሲሞላ በሩን ከፈተች። በሩ ከተከፈተ በኋላ እስከ ግቢው ጫፍ፣ ከግቢው ጫፍ እስከ ወንዙ። ፀጉሯ ዓይኗ ላይ ሲበተን ቆም ብላ ወንበሩ ኪስ ውስጥ ያገኘችውን የሱን ቆብና መነጽር አደረገች። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ያቺን መኪና ስታማ ነው የኖረችው፤ እሷን መንዳት እንደዚያ ደስ እንደሚል አታውቅም ነበር። ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ሳቀች። ስትስቅ መታጠፊያው መጣ።

አጠገቧ የነበረው የረጅሙ ጋራዥ ነው። ልጅ ሆኖ አስተምራዋለች፤ ዛሬም ቲቸር ነው የሚላት። ስትንቀጠቀጥ ሲያያት ምንም አልጠየቃትም። የተሰባበረውን ቦዲ አውልቆ ሌላ ከፎርማው አወጣላት።

«እሱ ሲመለስ መኪናዋን ሙሉ ሆና ያግኛት ብዬ ነው» አለች። «መጀመሪያ ሲጠይቀኝ ረስተህ ነው አልኩት። አንድ ቀን ብቻ የምለው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ልጃችን አመነችኝ። ሐኪሙ አመነኝ። በመጨረሻ እሱም ሊያምነኝ ሲል…» ፎጣውን አጠፈችው። «ፖስተኛው የኛ ፖስተኛ ነው። አሁን ሌላ ሰው ነው ደብዳቤ የሚያመጣው። ደወሉ ሲደወል እየተደበቅኩ ነው የምኖረው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ጣቢያው ከመሄዳቸው በፊት ካፖርት መልበስ እንደምትችል ነገረቻት፤ ውጭው ይቀዘቅዛል። መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ከቦታዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ባሏን ነበር የምታየው። እሱ እዚያው በሩ በተከፈተው መኪና አጠገብ ቆሟል። ስባሪዋን መልሶ ይዟታል፤ አውራ ጣቱ ሳያውቀው ጠርዟ ላይ ይመላለሳል።

«ማርሹ አልከበደሽም?» አላት።

መምህርቷ አሰበች።

«ሦስተኛው ላይ» አለች። «ትንሽ።»

«አዎ» አለ ቀያሹ። «እሱ ድሮም እንደዚያው ነው።»

ከዚያ የቤቱን በር አልፎ ገብቶ ካፖርቷን ይዞላት መጣ።